ወረቀት ለመብሳት

ሥራዬ መቃኘት፣ ፒያኖ ነው ሙያዬ፤
ኢሳልሚ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ጎጆዬ።
ሠላሳ አራት ዓመት ጆሮዬን ሰጥቼ
የሰው ቤት አውታሮች ስወጥር አምሽቼ፣
አሁን ግን ፒያኖ የሚያስቃኝ ጠፋ፤
«በነፃ ውሰዱት» ይላል ደጅ የተገፋ።

ጎረቤቴ ቬይኮ፣ ባቡር ነጂ የነበረ፣
ከደጄ በረዶ እየጠረገ ጀመረ፦
«ኢርመሊ፣ ቤት አትዋይ፤ ጆሮሽ ሥራ ፈታ፤
ምድር ቤት ክበብ አለን፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ።»
የወተት ፋብሪካ ነበረ ያ ቤት፤
ዛሬ ባሩድ ይሸታል እርጎ በሸተተበት።
ዓመት ከመንፈቅ በክበቡ ሽጉጥ
ተማርኩኝ መቆምን፣ ትንፋሽን መዋጥ።

ከዚያ ለፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።
«ምኑን ልትመቺ ነው?» አለኝ አንድ ጎልማሳ፣
ከማሽኑ ላይ ዓይኑን እንኳ ሳያነሣ።
«ወረቀት» አልኩት።
ጻፈ። አልሳቀም።
ወረቀት ለመብሳት ወረቀት ጠየቅሁኝ፤
እሱም በወረቀት፣ ወረቀት ሰጠኝ።

ሽጉጥ ልገዛ ስሄድ ቬይኮ አብሮኝ መጣ፤
መንገዱን በሙሉ፣ አፉ እንፋሎት እያወጣ፦
«አርባ አምስት ግዢ! ይኸውልሽ የኔ፣
ሲተኩስ ሰው ሁሉ ይዞራል ወደ እኔ።»

ሻጯ ሳቱ ነበረች። ከጠረጴዛው ላይ
አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግታ፣
ካዝናውን አውጥታ፣ ባዶነቱን እንዳይ፣
አንዱን አቀበለችኝ፦ እንደ መስታወት የሚያበራ፣
ያማረ፣ ለሌላ ሰው መዳፍ የተሠራ።
ጣቴ ወደ ምላጩ እንደ ሕፃን ተንጠራራ፣
ከቁም ሳጥን አናት ስኳር ሊያወርድ እንደሚሞክር።
«ትለምጂዋለሽ» አለ ቬይኮ።
ጫማ ሲገዙም እንዲህ ይባላል፤
እግር ግን ይቆስላል።

ሁለተኛው አዲስ ነው፣ ዘይት ዘይት ይሸታል።
አፈሙዙን ወደ አሸዋ ሳጥኑ አዙሬ፣
ዓይኔን ጨፍኜ ብስበው፣
ከውስጡ ደቃቅ ጠጠር ይንቋቋል።
«ይሄ አልተቃኘም» ብላቸው፣ ሁለቱ ተያዩ።
ምላጭ መባሉ ደግሞ! የሰው ጢም ሲላጭ
ድምፅ ካሰማ ደም አለ፤ ዝም ካለ ነው ምላጭ።

ሦስተኛው ያገለገለ፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የተላጠ፣
አፉ ጠባብ፣ ሃያ ሁለት።
የቀድሞ ባለቤቱ፣ የጥርስ ሐኪም ሴት፣
እጀታውን ሞርዳ በመዳፏ ልክ ሠርታበት፣
ዓይኗ ሲደክም ለሱቁ ትታው ሄዳለች።
ያዝኩት። ማንም ሳይነግረው እጄ ቦታውን አወቀ።
ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሳብኩ፤ ሳብኩ፤ መጨረሻው ራቀ፤
ከዚያ፣ በኅዳር የሐይቁ የመጀመሪያ በረዶ
ጠጠር ሲያርፍበት እንደሚል፦
ጠቅ።

«ይሄን» አልኩ።
«አሮጌውን?» አለ ቬይኮ። «ያውም ትንሽ አፍ?»
ትንሽ አፍ አይለፈልፍም፤ ጥይቱም ርካሽ ነው፤
ባንተ አንድ ጥይት ዋጋ እኔ አምስቴ እሳሳታለሁ።

በመጋቢት የክበቡ ውድድር ደረሰ፤
ግንባሬ ላብ በላብ፣ መነጽሬም ራሰ።
ቬይኮ ከጎኔ ቆሟል። የእሱ ሲጮህ
ከጣራው የድሮ ኖራ ይረግፋል፤
የእኔ ግን፣ ስብከት መሐል አፍ ተይዞ
እንደሚሳል ሳል ነው።

አምስት ተኮስኩ።
ወረቀቱ ሲመጣ ስድስት ቀዳዳ!
አምስት ሽንብራ፣ ዳርና ዳር የተበተነ፤
መሐሉ ላይ፣ ልክ ልኩን፣ አንድ ባቄላ።
ዳኛው ኦስሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
የቬይኮን ወረቀት አነሣ፤ ቆጠረ፤ አራት።
ቬይኮ ጣራውን ያያል።
«አሥር ነጥብ ነበር» አለ ዳኛው፣
«ቤቱን ባይስት።»

ከአሥራ አራት ሰው አሥራ አንደኛ ወጣሁ፤
ቬይኮ ከኔ ቀጥሎ።
ያን ወረቀት አልጣልኩትም። ማንም በማይነካው ፒያኖዬ ላይ
ኖታ በሚቀመጥበት አቁሜዋለሁ።
ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ
ቬይኮ ወንበሩን አዙሮ ይቀመጣል።